ከሁለት ነጥብ እስከ አራት ነጥብ፦ ለኤዲተሬ የስክሪፕት በር ስከፍት ያጠፋሁትና ያስተካከልኩት

ይህን የምጽፈው የራሱን ቴክስት ኤዲተር (ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም) ለሚሠራና «ተጠቃሚው ራሱ ስክሪፕት (ኤዲተሩን የሚያዝ አጭር ፕሮግራም) እየጻፈ ያስፋፋው» ብሎ ለተነሳ ሰው ነው። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ ሦስት ዓመት ገደማ በዚህ ሥራ ላይ አለሁ። ኤዲተሩ ራሱ ያን ያህል አልፈተነኝም። የፈተነኝ በኤዲተሩና በሰው ስክሪፕት መካከል ያለው በር ነው፤ በር የምለው ስክሪፕቱ ኤዲተሩን የሚያዝባቸውን ትእዛዞች ነው። በዚያ በር በኩል የሰው የወራት ልፋት አበላሽቻለሁ። እናንተ ዘንድ እንዳይደገም የት የት ላይ እንደተሳሳትኩ ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ፔዳ ግቢ አካባቢ ካለ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቷን እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሁለት ልጆች ቀጥረው የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ያስተይባሉ፤ ግንቦት ሲገባ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። አንድ ቀን ኮፒ ላስነሳ ገብቼ ሳለ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩና «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ፣ እስቲ ይቺን እያት» አሉኝ። አራት ነጥቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ የመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ግማሹ የቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። ብዙ ተያቢዎች አራት ነጥብ የሚሠሩት ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው። ወረቀት ላይ «፡፡» እና «።» አይለዩም። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት ምልክት ነው፤ ሁለተኛው አንድ። ስለዚህ መስመሩ ሲሞላ መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል።

ይህቺ ብቻ ብትሆን ኤዲተሩ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ጨምሬ እገላገል ነበር። ግን አንዱ አማካሪ «ሠንጠረዥ» ካልተባለ አልፈርምም ይላል፣ ሌላው «ሰንጠረዥ» በል ይላል። አንዱ የምዕራፉን ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ይፈልጋል፣ ሌላው ጭራሽ አይፈልግም። ለእያንዳንዱ እኔ እየሄድኩ ኮድ ልጽፍ አልችልም። ልጆቹ ራሳቸው አምስት ስድስት መስመር ጽፈው የሚገላገሉበት መንገድ መኖር ነበረበት።

ቋንቋ መምረጡ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ እናንተም አትቆዩ። የራሴን ቋንቋ ልፍጠር የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ አንድ ሳምንት ዝም በሉት፣ ያልፋል። ቪም የሚባለው ኤዲተር እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ትእዛዞቹ እየተጠራቀሙ ሄደው የራሱ ቋንቋ ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ ያንን ቋንቋ እንደ አዲስ ማዋቀር ግድ ሆነበት። ጂኤንዩ ኢማክስ የሚባለው ሌላ ኤዲተር ከ1985 ጀምሮ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ይዞ ዘልቋል። በ2014 ከቪም የተገነጠለው ኒዮቪም ደግሞ ሉዋን አስገባ። እኔም ሉዋን ወሰድኩ። በ1993 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራች ትንሽ ቋንቋ ናት፤ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተሰክታ እንድትሠራ ታስባ የተሠራች ስለሆነች ለእንዲህ ያለ ሥራ ትመቻለች። ከእሷ ዓይነቶች ሉዋጂትን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ሉዋጂት የፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ ትእዛዝ) ስም በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ይቀበላል። የተለመደችው ሉዋ በነባሪ አቀማመጧ ላቲን ብቻ ናት። ስለዚህ ፋንክሽኖቼን «ፈልግ»፣ «ተካ»፣ «አስገባ» ብዬ ሰየምኳቸው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትልቁ ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኤዲተሩን የውስጥ ፋንክሽኖች አንድ በአንድ እየጠቀለልኩ ለስክሪፕቱ ሰጠሁ። 84 ደረሱ። ጓዳዬን ሳይቀር ነው የከፈትኩት፤ ይህን ደግሞ ቸርነት መስሎኝ ነበር። የጽሑፉ ቦታ በውስጥ የሚቆጠረው በባይት (ኮምፒውተሩ መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) ስለነበር፣ ስክሪፕቱም ቦታን በባይት ቁጥር ይቀበል ጀመር። «ሁሉንምፈልግ» የምትል ፋንክሽን ሠራሁ፤ የተገኙትን ቦታዎች በሙሉ በቁጥር ዝርዝር ትመልሳለች። ከዚያ «ተካ» ዝርዝሩን እየተከተለች ትተካለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ባለው ፋይል ሞከርኩት፣ ሠራ። ለእትዬ ወስጄ ጫንኩላቸው፤ ስክሪፕቱ ሴቭ ሲደረግ በራሱ እንዲነሳም አደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ስደርስ ከተያቢዎቹ አንዷ፣ ታናሺቱ፣ ታለቅሳለች። ማታ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቶሎ ሴቭ አድርጋ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ ዘግታ ሄዳለች። የአንድ ተማሪ ከ90 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በትክክል ተስተካክሏል። ሁለተኛው ላይ «ነው፡፡ ይህም» የነበረው ሌላ ነገር ሆኗል፦ «ነው» ካለ በኋላ አንድ ሁለት ነጥብ ቀርቷል፣ ከጎኑ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ጥቁር አልማዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ «ህም»። ክፍተቱ የለም፣ «ይ» የለችም። ሦስተኛው ላይ «ስለዚህ» የነበረው «ዚህ» ሆኗል። ወደ ታች በሄድን ቁጥር አራት ነጥቡ ከቦታው እየራቀ፣ በቃላት መሃል እየገባ ይቆርጣቸዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ነው ያመመኝ። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት የተለመደ ዘዴ፣ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። «፡፡» ስድስት ባይት ነው፣ «።» ሦስት። አንድ ቦታ በተተካ ቁጥር ከኋላው ያለው ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ባይት ወደፊት ይመጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን የድሮውን ቦታ ነው የሚያውቁት። ሁለተኛው መተካት በሦስት ባይት ይስታል፣ ሦስተኛው በስድስት። ከ900 በላይ አራት ነጥብ ባለበት ጽሑፍ መጨረሻው ላይ ስህተቱ ከ2,600 ባይት አልፎ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ከጽሑፉ ወሰን ውጪ ወድቀው ሳለ ኤዲተሬ «ይህ ቦታ የለም» ብሎ መቆም ሲገባው ዝም ብሎ አለፋቸው። የሁሉም ነገር ጥፋት ከዚያ ዝምታ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በራችሁ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲመጣ በይሉኝታ አታሳልፉት፣ መልሱት።

ተማሪው በእጅ የጻፈው ረቂቅ ስለነበረው ዳነ። ሁለት ሌሊት ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እያነበብኩላቸው እንደገና ተተየበ። እትዬ አልተቆጡኝም፤ በየሰዓቱ ሻይ ያመጡልኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የነካሁት የመቁጠሪያውን መስፈርት ነው። ባይት ለኮምፒውተሩ እንጂ ለሰው አይመችም፤ ሉዋን የ«ሰላም» ርዝመት ስንት ነው ብትሏት 9 ትላችኋለች፣ ተያቢዋ ግን ሦስት ፊደል ነው የምታየው። ኤዲተሮችን ከቋንቋ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ኤልኤስፒ የሚባለው ስምምነት ሲጀመር ቦታን የሚቆጥረው ዩቲኤፍ-16 በሚባለው ሌላ ዘዴ ነበር። ያ ለግዕዝ ፊደል አንድ ለአንድ ይሠራል፤ ጽሑፉ ውስጥ ኢሞጂ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። እኔ በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ ቁጥር ሄድኩ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ አንድ ቁጥር አለው፤ ከላዩ የማጥበቂያ ምልክት ካልተጨመረበት በቀር አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ነው። ከስንት እንጀምር የሚለውንም ያኔውኑ ወስኑና በሁሉም ቦታ አንድ አድርጉት። ኒዮቪም የጠቋሚውን ቦታ ሲናገር መስመሩን ከ1፣ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ደግሞ ከ0 ይቆጥራል። ልምድ ያለው ሰው ይለምደዋል፤ ተያቢ ግን አይገባውም። የእኔ ሁሉም ከ1 ይጀምራል።

ግን ልብ በሉ፣ መስፈርት መቀየር ብቻውን አያድንም። በፊደል ብትቆጥሩም «፡፡» ሁለት ነው፣ «።» አንድ፤ ቁጥሩ መሳቱ አይቀርም። ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ እየተካችሁ ብትመጡ ችግሩ ይጠፋል፣ ይህን ዘዴ ያዙት። ነገር ግን ተጠቃሚው ዘዴውን ካላወቀ ጽሑፉ የሚጠፋበት በር፣ ጥሩ በር አይደለም። መፍትሔው ለስክሪፕቱ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ምልክት መስጠት ነው። ምልክቱን ኤዲተሩ ይይዘዋል፤ ጽሑፉ ሲያጥር ሲረዝም ምልክቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኢማክስ ይህ ከጥንት ጀምሮ አለው፣ ኒዮቪምም አለው። እኔ ደግሞ የእነዚህን ኤዲተሮች መመሪያዎች ቀደም ብዬ አንብቤያቸው ነበር። ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይገባኝ ነው ያለፍኩት።

ሁለተኛው መታጠፊያ መብራት በመጥፋቱ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፤ የላፕቶፔ ባትሪ አለቀ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ጣና ዳር ወርጄ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ ታንኳ ቀስ እያለ ይመጣል። ኮድ መንካት ስለማልችል፣ ኤዲተሩ ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ትቼ እትዬ ቤት ምን ይፈለጋል ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የሌሉ ፋንክሽኖችን እንዳሉ ቆጥሬ፣ ታናሺቱ ልጅ ብትጽፈው እንዴት ትጽፈዋለች እያልኩ አምስት ስክሪፕት በእጄ ጻፍኩ፦ አራት ነጥብ ማስተካከያ፣ «ሠ» እና «ሰ» መለዋወጫ፣ የሠንጠረዥ ቁጥር መስጫ፣ ድርብ ክፍተት ማጥፊያ፣ የርዕስ ማውጫ ማዘጋጃ። ሲመሽ ስቆጥራቸው አምስቱም የተጠቀሙት ፋንክሽን 19 ብቻ ነው። ከ84ቱ ውስጥ ከአርባ በላይ የሚሆኑትን አንዱም ስክሪፕት፣ ሊፈልጋቸው ቀርቶ፣ የሚነካበት ምክንያት የለውም። ከ19ኙ ደግሞ ስድስቱ በ84ቱ ውስጥ አልነበሩም።

ደብተሩን ፖሊ ላስተማረኝ አንድ መምህር አሳየሁት። ዝርዝሩን አንብቦ ሲጨርስ «ከእነዚህ ውስጥ ለአሥር ዓመት ሳትቀይረው ልታቆየው የምትችለው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱን ሰረዝኩ። በኋላ እውነት ነበረው፤ የጽሑፉን የውስጥ አቀማመጥ ከመስመር ዝርዝር ወደ ቁራጭ ሠንጠረዥ (ጽሑፉን በቁርጥራጭ መዝግቦ ወደሚይዝ አቀማመጥ) ስቀይር በአሮጌው በር በኩል የተጻፉት ስክሪፕቶች በሙሉ ተሰበሩ፣ በአዲሱ በር ከተጻፉት አንዱም አልተነካም። ምክርም አለኝ፦ ገና ያልረጋ ፋንክሽን ካላችሁ ስሙ ላይ ይታወቅ። ኒዮቪም እንዲህ ያሉትን በስማቸው ውስጥ ድርብ የታች ሰረዝ አድርጎ ይለያቸዋል። የእያንዳንዱ ስክሪፕት የመጀመሪያ መስመርም ለየትኛው የበሩ እትም ቁጥር እንደተጻፈ ይናገር። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ካላስገባችሁት በኋላ ማስገባት በጣም ያስቸግራል።

የቀረው ችግር ስክሪፕቱ ማቆሚያ ሲያጣ ነው። «እስካገኝ ድረስ ፈልግ» ተብሎ የተጻፈ ዙር የሚፈልገውን ካላገኘ ኤዲተሩ ድርቅ ይላል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይዞ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው ኤዲተር ማስፋፊያዎቹን በሌላ ፕሮሰስ (ለብቻው በሚሮጥ ፕሮግራም) ውስጥ ያስኬዳቸዋል፣ እነሱ ቢንጠለጠሉ ዋናው ኤዲተር አይቆምም። እኔ ይህን አልመረጥኩም። ጽሕፈት ቤት ያሉት ማሽኖች ባለ 2 ጊጋ ራም አሮጌዎች ናቸው፤ ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን እየጠበቀ ሲሄድ ስክሪፕት ለጀማሪ መጻፍ ይከብዳል። በምትኩ ሉዋ ይህን ያህል ትእዛዝ በሠራች ቁጥር ወደ እኔ እንድትመለስ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ ተጠቀምኩ። ሁለት ሴኮንድ ካለፈ «ስክሪፕቱ አልጨረሰም፣ ይቁም?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሳምንት የበላኝን ነገር ላስቀምጥላችሁ። መቆጣጠሪያው በአጭር ዙር ላይ ይሠራል፣ ረጅም ዙር ላይ ግን ጭራሽ አይጠራም። ኮዴን አገላብጬ አገላብጬ ስህተት አጣሁበት። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፦ ሉዋጂት አንድ ዙር ደጋግሞ ሲሠራ ካየች በቀጥታ ወደ ማሽን ኮድ ትለውጠዋለች፤ በዚያ ኮድ ውስጥ በነባሪው መቆጣጠሪያው አይጠራም። የሚያደርቀው ደግሞ በትክክል ያ ብዙ የሚዞረው ነው። ለተጠቃሚ ስክሪፕቶች ያንን ማፍጠኛ ዘጋሁት። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ 90 ገጽ ጽሑፍ ላይ ግን ማንም ልዩነቱን አላየውም። ሌላም አለ፦ ለማስቆም ስህተት ስታነሱ ስክሪፕቱ ራሱ ስህተት የሚይዝ መረብ ዘርግቶ ከሆነ የእናንተንም ይዞት ይቀጥላል። ስለዚህ አንዴ «ይቁም» ከተባለ፣ እስኪወጣ ድረስ ስህተቱን ደጋግማችሁ አንሱ።

ኮንትሮል ዜድን፣ የሠሩትን መመለሻውን፣ አትርሱ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ «ተካ» ለብቻው ይመዘገብ ነበር፤ ስክሪፕቱ 900 ቦታ ከነካ ተጠቃሚው 900 ጊዜ መጫን አለበት። አሁን አንድ ስክሪፕት ከጀመረበት እስከጨረሰበት ያደረገው ሁሉ እንደ አንድ ሥራ ነው የሚቆጠረው። መሃል ላይ ከወደቀም ጽሑፉ በራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህንንና የተሳሳተ ቁጥር መመለሱን ያን ጊዜ አድርጌው ቢሆን የዚያች ልጅ እንባ አይፈስም ነበር።

ሴቭ ሲደረግ በራሱ የሚነሳ ስክሪፕት ካላችሁ ደግሞ እርስ በርስ እንዳይቀሰቀሱ ተጠንቀቁ። አንዱ ጽሑፉን ይቀይራል፤ «ጽሑፍ ተቀየረ» የሚለው ጥሪ ሌላውን ያስነሳል፤ ያኛውም ይቀይራል። ቪም በነባሪው አንዱ ጥሪ ውስጥ ሌላው እንዲነሳ አይፈቅድም፤ የፈለገ ሰው በግልጽ መጻፍ አለበት። ኢማክስም የለውጥ ጥሪዎች እየሠሩ ሳለ ሌላ የለውጥ ጥሪ ያግዳል። እኔም እንደነሱ ዘግቼዋለሁ፤ እስካሁን ክፈትልኝ ያለ የለም።

ስክሪፕት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ጽሕፈት ቤት ያለ ፍላሽ ደግሞ ምን ምን እንደሚዞርበት ታውቃላችሁ። ለስክሪፕቱ ፋይል የሚሰርዝበትን፣ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳበትን መንገድ ሁሉ ከሰጠሁት አካባቢ አውጥቻለሁ። የተጠናቀረ ሉዋም አልቀበልም፣ በጽሑፍ የሚነበብ ብቻ።

የስህተት መልእክትን በአማርኛ ማድረግ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። ቀድሞ በእንግሊዝኛ ባዶ ነገር እንደተነካ የሚናገር መስመር ይወጣ ነበር፣ ልጆቹም መስኮቱን ዘግተው ይተዉታል። አሁን «መስመር 4፦ ‹ፈልግ› ምንም አላገኘም፣ አንተ ግን ያገኘውን ለመተካት ሞክረሃል» ይላል። ታናሺቱ ይህን አይታ «እኔን እኮ ‹አንተ› አለኝ» ብላ ሳቀች፤ ወደ «ተሞክሯል» ቀየርኩት።

ባለፈው ሰኔ ይህችው ልጅ የሠንጠረዥ ቁጥር የሚሰጥ ስክሪፕት ራሷ ጽፋ በፍላሽ አመጣችልኝ፤ ሰባት መስመር ነው። ሮጠ። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ቃል ሳስገባ ምልክቱ ከቃሉ በፊት ነው የሚቀረው ወይስ በኋላ?» ለካ ኢማክስና ኒዮቪም እዚህ ላይ አይስማሙም፤ በነባሪው የኢማክሱ ምልክት ከገባው ቃል በፊት ይቀራል፣ የኒዮቪሙ ቃሉን አልፎ ይሄዳል። እኔ ሳላስበው አንዱን ይዤ ነበር። አሁን «ምልክት» የምትለው ፋንክሽን «ቅር» ወይም «እለፍ» ካልተባለላት አትሠራም፤ ምርጫው የስክሪፕቱ ጸሐፊ ነው። ልጅቷ ለሠንጠረዦቿ «እለፍ» ብላለች።